የሞተ የሚመስል ዲስክ፦ ያልተሳካ የፈርምዌር ማሻሻያና የመዳኛው መንገድ

ስለ ኮምፒዩተር ስናስብ ብዙውን ጊዜ ወደ ኅሊናችን የሚመጣው አንድ ፕሮሰሰርና እርሱን የሚታዘዙ ልዩ ልዩ ዕቃዎች ናቸው። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል። በጠረጴዛችን ላይ በተቀመጠው ሣጥን ውስጥ ከዋናው ፕሮሰሰር ሌላ በየፊናቸው የሚሠሩ በርካታ ትናንሽ ኮምፒዩተሮች ይገኛሉ። ሃርድ ዲስኩ የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ራምና የራሱ ፕሮግራም አለው፤ የሲዲና የዲቪዲ ድራይቩም እንዲሁ። በመሣሪያው ውስጥ ተቀምጦ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ይህ ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል።

አምራቹ በፈርምዌሩ ላይ ስሕተት ሲያገኝ ወይም አዲስ ችሎታ ሊጨምርለት ሲፈልግ የማሻሻያ ፋይል ያወጣል፤ ተጠቃሚውም ፋይሉን አውርዶ ይጭናል። አብዛኛውን ጊዜ ሥራው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በሰላም ይጠናቀቃል። አንዳንድ ጊዜ ግን በመካከሉ መብራት ይጠፋል፤ ወይም ለሌላ ሞዴል የተዘጋጀ ፋይል በስሕተት ይጫናል፤ ወይም ከአምራቹ የመጣው ፋይል ራሱ ጉድለት ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ ድራይቩ ዝም ይላል። ኮምፒዩተሩ ይጠራዋል፤ እርሱ ግን አይመልስም።

በዚህ ጽሑፋችን የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ዝም ያለ ድራይቭ በእርግጥ ሞቷልን? በውስጡ የነበረው መረጃስ የት ደረሰ? ጥያቄው የዕውቀት ጉጉት ብቻ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፉን ወይም ለዓመታት የሰበሰበውን የጥናት መረጃ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ላኖረ ተማሪ፣ በዝምታው የመጀመሪያ ሰዓት የሚወስደው እርምጃ ሁሉንም ሊያድን ወይም ሁሉንም ሊያጠፋ ይችላል።

ፈርምዌር ምንድን ነው?

ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመበት አሸር ኦፕለር የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1967 ዳታሜሽን በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ነው። ሃርድዌር የሚጨበጠው ጠጣሩ አካል ነው፤ ሶፍትዌር በቀላሉ የሚለዋወጠው የትእዛዝ ስብስብ ነው። ኦፕለር በሁለቱ መካከል ያለውን፣ እንደ ሃርድዌሩ ያልጠጠረ እንደ ሶፍትዌሩም በየጊዜው የማይለዋወጥ ነገር ለመሰየም «ጽኑ» የሚል ፍቺ ያለውን ቃል መረጠ።

በዲስክ ድራይቭ ውስጥ የፈርምዌር ሥራ ከባድ ነው። ዋናው ኮምፒዩተር «ቁጥሩ 5,000 የሆነውን ክፍል አምጣልኝ» ብሎ ያዛል እንጂ ሞተሩ በምን ፍጥነት እንደሚሽከረከር፣ የማንበቢያው ራስ በየትኛው መሥመር ላይ መቆም እንዳለበት አያውቅም። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ፈርምዌሩ ነው። ሞተሩን ያስነሣል፤ ራሱን ከቦታው ያደርሳል፤ ከዲስኩ የመጣውን ደካማ ምልክት ወደ ዜሮና አንድ ይለውጣል፤ በንባብ መካከል የተፈጠረውን ስሕተት ያርማል፤ በመጨረሻም ለኮምፒዩተሩ በሚገባው ቋንቋ ይመልሳል። ስለዚህ ፈርምዌር የጠፋበት ድራይቭ አስተርጓሚው የሄደበትን ቤተ መጻሕፍት ይመስላል። መጻሕፍቱ በመደርደሪያቸው ላይ እንዳሉ ናቸው፤ የትኛው የት እንዳለ የሚናገር ግን የለም።

ቀደም ባለው ዘመን ይህን የመሰለ ፕሮግራም በፋብሪካ ውስጥ ሮም በሚባል የማይለወጥ ማኅደር ላይ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ይቀረጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በኢንቴል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዶቭ ፍሮህማን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ተሰርዞ እንደገና ሊጻፍበት የሚችል ማኅደር ሠራ። በቶሺባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ፍላሽ ሜሞሪን ለዓለም አስተዋወቀ። ፍላሽ ሜሞሪ ከሰሌዳው ሳይነቀል በኤሌክትሪክ ብቻ ይሰረዛል፤ ይጻፋልም። ፈርምዌርን በየቤታችን ሆነን ማደስ የቻልነው በዚህ ምክንያት ነው። አደጋውም አብሮ የመጣው ከዚሁ ነው፤ የማይሰረዝ ነገር በስሕተት አይጠፋምና።

በመካከሉ የተቋረጠ ማሻሻያ

አደጋው የት እንደሚያደባ ለመረዳት የፍላሽ ሜሞሪን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። በብራና ላይ የሚጽፍ ጸሐፊ አንዲት ፊደል ብትሳሳትበት ያችን ፊደል ብቻ ፍቆ ያርማል። በፍላሽ ሜሞሪ ግን እንዲህ ማድረግ አይቻልም። በእያንዳንዱ ባዶ ሕዋስ ውስጥ ያለው ቁጥር 1 ነው፤ መጻፍ ማለት አንዳንዶቹን 1 ወደ 0 መለወጥ ማለት ነው። 0ን ወደ 1 ለመመለስ ሲፈለግ ግን አንዱን ሕዋስ ለብቻ መንካት አይቻልም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ባይቶችን የያዘው ክፍል በሙሉ አንድ ላይ መሰረዝ አለበት። ስለዚህ ማሻሻያ ሲጫን በመጀመሪያ አሮጌው ፕሮግራም ይፋቃል፤ ቀጥሎም አዲሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጻፋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ድራይቩ አሮጌውም አዲሱም የሌለው የሚሆንበት ጊዜ አለ። የጊዜው ርዝመት ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ሊሆን ይችላል፤ መብራት ለመጥፋት ግን አንድ ሴኮንድም ይበቃዋል።

ጥንቁቅ መሐንዲሶች ይህን ስለሚያውቁ የፍላሽ ሜሞሪውን ቦታ ለሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ክፍል ትንሽ የማስጀመሪያ ፕሮግራም ሲሆን በማሻሻያ ጊዜ አይነካም። ሁለተኛው ትልቁ ክፍል ዋናው ፈርምዌር ነው። ድራይቩ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በመጀመሪያ የሚነቃው የማስጀመሪያው ፕሮግራም ነው። እርሱም ዋናው ክፍል ሙሉ መሆኑን ከመረመረ በኋላ ሥራውን ያስረክበዋል። ዋናው ክፍል ጎድሎ ካገኘው ግን ቆሞ አዲስ ፈርምዌር እስኪሰጠው ይጠብቃል።

ምርመራው የሚካሄደው የማረጋገጫ ድምር በሚባል ዘዴ ነው። ሐሳቡን በቀላል ምሳሌ እንመልከት። አራት ቁጥሮችን፣ 23፣ 47፣ 80 እና 11ን መላክ ብንፈልግ ድምራቸውን፣ ማለትም 161ን፣ አብረን እንልካለን። ተቀባዩ ጋ ሲደርስ 47 ወደ 45 ተለውጦ ቢገኝ ድምሩ 159 ስለሚሆን ስሕተት መኖሩ ይታወቃል። ይሁን እንጂ 23ና 47 ቦታ ቢለዋወጡ ድምሩ ያው 161 ነው፤ ስሕተቱም ሳይታወቅ ያልፋል። በዚህ ምክንያት የመሣሪያ ሠሪዎች ከተራ ድምር ይልቅ የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል ጭምር የሚመረምር፣ በማካፈል ላይ የተመሠረተ ስሌት ይጠቀማሉ። ድራይቩ የተጻፈለትን ፈርምዌር በዚህ ስሌት ፈትኖ ካልተስማማው ሥራ አይጀምርም። እንግዲህ ሞት የሚመስለን ዝምታ አንዳንድ ጊዜ ድራይቩ የተበላሸ ፕሮግራም ላለማስኬድ የመረጠው ጥንቃቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የሆነው

የዚህን ጉዳይ ባሕርይ በሚገባ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በጥቅምት ወር 2003 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ማንድሬክሶፍት ኩባንያ ማንድሬክ ሊኑክስ 9.2 የተባለውን ስርዓተ ክወና አወጣ። ብዙም ሳይቆይ አንዳንድ የኤልጂ ሲዲ-ሮም ድራይቮች ስርዓተ ክወናው ሲጫንባቸው በድንገት መሥራት አቆሙ። ነገሩ ብዙዎችን አስደነቀ።

ምክንያቱ ሲጣራ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ሲዲ መጻፍ ለሚችሉ ድራይቮች የተመደበ አንድ ትእዛዝ አለ፤ ትርጉሙም «በጊዜያዊ ማኅደርህ ያጠራቀምኸውን መረጃ አሁኑኑ ዲስኩ ላይ ጻፍ» የሚል ነው። ማንበብ ብቻ የሚችል ድራይቭ ይህ ትእዛዝ ቢደርሰው «አላውቀውም» ብሎ መመለስ ይጠበቅበታል። በስርዓተ ክወናው ውስጥ በሲዲ ላይ ለመጻፍ እንዲረዳ የተጨመረው አዲስ ክፍል ይህንኑ ትእዛዝ ይልክ ነበር። ችግር የደረሰባቸው ድራይቮች ግን ያንኑ የትእዛዝ ቁጥር «ፈርምዌርህን አድስ» ለሚል ሌላ ፍቺ ይጠቀሙበት ነበር። በመሆኑም ድራይቩ ማንም ሳያዝዘው የራሱን ፕሮግራም ለመለወጥ ተነሣ፤ የሚተካበት ግን አልነበረውም።

ሌንሱ፣ ሞተሩና የሌዘር ብርሃን ምንጩ ጉዳት አልደረሰባቸውም፤ የጎደለው ፕሮግራሙ ብቻ ነው። ስለዚህም አምራቹ ትክክለኛውን ፈርምዌር አዘጋጅቶ ሲያቀርብ፣ የሞቱ የመሰሉት ድራይቮች እንደገና ተጽፎባቸው ሊነሡ ቻሉ። ሌሎች የስርዓተ ክወና አዘጋጆችም አንድ ትምህርት ወሰዱ፤ መሣሪያው ምን እንደሆነና ምን እንደሚችል አስቀድሞ ሳይጠይቁ ትእዛዝ መላክ አደገኛ ነው።

የሲዲና የዲቪዲ ድራይቭን ስለማንሣት

በዚህ ዓይነት ድራይቭ ውስጥ የተጠቃሚው መረጃ የለም። መረጃው ያለው ከውጭ በሚገባው ሲዲ ላይ ነውና። ስለሆነም የሚታሰበው ዕቃውን ማዳን ብቻ ነው፤ ለመሞከርም ድፍረት ይሰጣል። ሥራው ግን ቅደም ተከተል አለው።

አንደኛ፣ የማሻሻያው ፕሮግራም ገና ክፍት ከሆነና ኮምፒዩተሩም ካልጠፋ፣ ኮምፒዩተሩን ማጥፋት አይገባም። ብዙ ጊዜ ጽሕፈቱን ከመጀመሪያው እንዲደግም ማዘዝ ይቻላል። የድራይቩ ራም ኤሌክትሪክ እስካለው ድረስ ለጽሕፈቱ የሚያስፈልገውን አነስተኛ ፕሮግራም ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ማጥፋት የመጨረሻውን ዕድል ሊያሳጣ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተሩ ከጠፋ በኋላ ሲበራ ማዘርቦርዱ ድራይቩን ያየው እንደሆነ መመልከት ነው። ከቀድሞ ስሙ በተለየ አጠቃላይ ስም ወይም በተዛባ ስም ቢታይ እንኳ ይህ መልካም ምልክት ነው፤ የማስጀመሪያው ክፍል በሕይወት አለ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በድራይቩ ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ሞዴል ፊደል በፊደል ማመሳከርና ለዚያው የተዘጋጀውን ፋይል ማግኘት ያስፈልጋል። በስም የሚመሳሰሉ፣ በውስጣቸው ግን የተለያየ ቺፕ ያላቸው ሞዴሎች ብዙ ናቸው። የብዙ ሰዎች ድራይቭ ለሁለተኛ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

አራተኛ፣ ድራይቩን በዩኤስቢ መለወጫ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ከማዘርቦርዱ ጋር ማገናኘት፣ ሌሎች ድራይቮችን በተለይም መረጃ ያለባቸውን ሃርድ ዲስኮች መንቀል፣ ከዚያም አምራቹ ባዘዘው ስርዓተ ክወና ሥር ሆኖ እንደገና መጻፍ ነው። መለወጫዎች ለማሻሻያ የሚላኩትን ልዩ ትእዛዞች ሳያስተላልፉ የሚቀሩበት ጊዜ አለ።

ማዘርቦርዱ ድራይቩን ፈጽሞ ካላየው የማስጀመሪያው ክፍልም ተጎድቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ የቀረው መንገድ በሰሌዳው ላይ ያለውን የፍላሽ ቺፕ በፕሮግራመር መሣሪያ በቀጥታ መጻፍ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ላቦራቶሪ ላለው ተማሪ ይህ ጥሩ ልምምድ ይሆነዋል። ይሁንና የቺፑን ነባር ይዘት አስቀድሞ ማንበብና ማስቀመጥ ግዴታ ነው። የእያንዳንዱ ድራይቭ ሌዘር በፋብሪካ ውስጥ ተለክቶ የተስተካከለበት ቁጥር በዚያው ቺፕ ላይ ሊኖር ስለሚችል፣ የሌላውን ድራይቭ ይዘት እንዳለ መገልበጥ ድራይቩን ያነሣዋል እንጂ በሚገባ አያስነብበውም።

ሃርድ ዲስክ ለምን ይለያል?

ወደ ሃርድ ዲስክ ስንሻገር ጉዳዩ ይከብዳል፤ በዚህኛው ውስጥ መረጃው አብሮ አለና። የሃርድ ዲስክ ፈርምዌር በአንድ ቦታ አይቀመጥም። ትንሹ ክፍል በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ይገኛል፤ ትልቁ ክፍል ግን የተጠቃሚው መረጃ ባለበት በዚያው በሚሽከረከረው ሳህን ላይ፣ ለዲስኩ ብቻ በተከለለ ሥፍራ ተጽፏል። በዚህ ሥፍራ ከፕሮግራሙ ሌላ የተበላሹ ክፍሎች ዝርዝር፣ መረጃው የት እንዳለ የሚያመለክት ሰንጠረዥና ዲስኩ ያጋጠመውን የሚመዘግብበት መዝገብ አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻና በ2009 መጀመሪያ የሲጌት ኩባንያ ባራኩዳ 7200.11 የተባሉ ሃርድ ዲስኮች ትናንት ሲሠሩ ውለው ዛሬ ሲበሩ ዝም ማለት ጀመሩ። ከሜካኒካዊ አካላቸው የተሰበረ አልነበረም። ኩባንያው እንደገለጸው ጥፋቱ የነበረው በክንውን መዝገቡ ቆጣሪ ላይ ነው። የመዝገቡ ወሰን በአንድ ቁጥር ተዛንፎ ተቀምጦ ነበር። ዲስኩ በሚበራበት ቅጽበት ቆጣሪው 320 ላይ፣ ወይም ከዚያ በ256 እየጨመረ በሚሄድ ቁጥር፣ ማለትም 576፣ 832 ወዘተ ላይ ከተገኘ፣ በተከለለው ሥፍራም በፋብሪካው ፍተሻ ጊዜ የቀረ አንድ ዓይነት ምልክት ካለ፣ ፈርምዌሩ ከመዝገቡ መጨረሻ አልፎ ለመሄድ ይሞክርና ይቆማል። ዲስኩም ለማንኛውም ጥሪ «ሥራ ላይ ነኝ» እያለ ይቀራል። ችግሩ የሚከሠተው በሚበራበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ሳይጠፋ የሚሠራ ዲስክ ለጊዜው ምንም አይሆንም ነበር።

ኩባንያው በጥር 2009 እ.ኤ.አ. ኤስዲ1ኤ የተባለ ማሻሻያ አወጣ። ነገር ግን በጥድፊያ የወጣው ይህ መድኃኒት ራሱ በሽታ ሆነ፤ ጤነኛ የነበሩ 500 ጊጋባይት ዲስኮች ማሻሻያው በተጫነባቸው ጊዜ ሥራ አቆሙ። ፋይሉ ተነሥቶ ከተስተካከለ በኋላ እንደገና ወጣ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ብሂላችን ለትላልቅ ኩባንያዎችም ይሠራል።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ቁም ነገር ኩባንያው በዚያን ጊዜ የሰጠው ማረጋገጫ ነው። በዲስኮቹ ላይ ያለው መረጃ አልጠፋም፤ የማይደረስበት ሆነ እንጂ። ኩባንያው በዚህ ምክንያት ዲስካቸው ለቆመባቸው ደንበኞች መረጃቸውን ያለ ክፍያ ለማውጣት ቃል ገባ። የጥገና ባለሙያዎችም መንገዱን አገኙ። በዲስኩ ጀርባ ፋብሪካው ለፍተሻ የሚጠቀምበት የተከታታይ መገናኛ ነበር። በሰሌዳውና በሞተሩ መገናኛ መካከል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቁራጭ ወረቀት ሲገባ ዲስኩ መሽከርከር ስለማይችል የተበላሸውን መዝገብ አያነብም፤ ስለዚህም አይቆምም። ባለሙያው በሴኮንድ 38,400 ቢት በሚያስተላልፈው መገናኛ በኩል ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ቀጥሎ ወረቀቱን ያወጣል፤ ሞተሩን ያስነሣል፤ መዝገቡን ባዶ ያደርጋል። ዲስኩ ጠፍቶ ሲበራ ይመልሳል።

ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ ሁለት ወጥመዶች ነበሩት። የቀድሞ ኮምፒዩተሮች ተከታታይ መገናኛ ከ3 እስከ 15 ቮልት በሚደርስ፣ አዎንታዊና አሉታዊ በሆነ ምልክት ሲሠራ፣ የዲስኩ ግን ከዜሮ እስከ ጥቂት ቮልት ብቻ ይፈልጋል። ያለ መለወጫ ያገናኘ ሰው ሰሌዳውን ያቃጥላል። ሁለተኛውም ትእዛዞቹ መረጃ የት እንዳለ የሚያመለክተውን ሰንጠረዥ እስከ መለወጥ የሚደርሱ በመሆናቸው፣ አንድ ፊደል ወይም ቁጥር ቢሳሳት ያልጠፋው መረጃ ያን ጊዜ በእርግጥ ይጠፋል። ዘዴው ለዚያ ሞዴልና ለዚያ ጥፋት ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ለሌላ ዲስክ መሞከር አይገባም።

በቆመ ሃርድ ዲስክ ላይ የማይደረጉ

አብዛኛውን ጊዜ መረጃ የሚጠፋው በመጀመሪያው ጥፋት ሳይሆን ከዚያ በኋላ በሚደረጉ ሙከራዎች ነው። ስለዚህ በዲስኩ ላይ ያለው መረጃ ሌላ ቅጂ ከሌለው የሚከተሉትን ማስታወስ ይገባል።

ዲስኩን ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋት መተው አለበት። ስርዓተ ክወናው ዲስኩን ባዶ እንደሆነ ቆጥሮ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቅ እሺ ማለት አይገባም። ተመሳሳይ ዲስክ ፈልጎ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን ብቻ መለዋወጥም በአሮጌዎቹ ዲስኮች ይሠራ የነበረ፣ በኋለኞቹ ግን የማያዋጣ ዘዴ ነው። ለእያንዳንዱ ዲስክ ራሶች የተስማማው ልኬት በሰሌዳው ቺፕ ላይ ስለሚጻፍ፣ ያ ቺፕ አብሮ ካልተዛወረ አዲሱ ሰሌዳ ሳህኖቹን ማንበብ ይቸግረዋል።

ከሁሉም በላይ የዲስኩን ክዳን መክፈት የተከለከለ ነው። በአዳዲስ ዲስኮች የማንበቢያው ራስ ከሳህኑ በላይ ከ10 ናኖሜትር ባነሰ ከፍታ ይንሳፈፋል። የሰው ጠጉር ውፍረት በአማካይ ወደ 70,000 ናኖሜትር ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ በክፍላችን አየር ውስጥ የሚንሳፈፍ አንድ የአቧራ ቅንጣት ለራሱ እንደ ተራራ መሆኑ ይገባናል። የፈርምዌር ችግር በአካል ያልተጎዳ ዲስክ ችግር ነው፤ ክዳኑን የከፈተ ሰው ያልነበረውን ጉዳት ይጨምርበታል።

ታዲያ ማሻሻያ ይቅር እንዴ?

እስከ አሁን ያልነው ማሻሻያን የሚያስፈራ ሊመስል ይችላል። የሚሠራን ድራይቭ ያለ ምክንያት መነካካት በእርግጥ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። ነገር ግን ሳያሻሽሉ መቅረት የከፋ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በኖቬምበር 2019 እ.ኤ.አ. ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ የተባለው ኩባንያ፣ በሰርቨሮቹ ውስጥ የሚገኙ አንዳንድ ኤስኤስዲዎች ለ32,768 ሰዓት ከሠሩ በኋላ እንደሚቆሙ አስታወቀ። ይህ ሦስት ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። ቁጥሩ ለኮምፒዩተር ተማሪዎች እንግዳ አይደለም፤ 2 አሥራ አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በ16 ቢት የሚቀመጥ አዎንታዊና አሉታዊ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው ትልቁ መጠን 32,767 ነው። ኩባንያው እንዳለው ከዚያ ሰዓት በኋላ ኤስኤስዲውም መረጃውም ሊመለሱ አይችሉም፤ አንድ ላይ ሥራ የጀመሩትም በአንድ ሰሞን ሊቆሙ ይችላሉ። መረጃን በሁለት ተመሳሳይ ዲስኮች ላይ ማስቀመጥ እንኳ በዚህ ጊዜ አያድንም። የሚያድነው አስቀድሞ የወጣውን ማሻሻያ መጫን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሚዛኑ እንዲህ ነው። የአምራቹ መግለጫ ማሻሻያው ምን እንደሚያስተካክል በግልጽ ይናገራል፤ የሚያስተካክለው መረጃን የሚያጠፋ ጉድለት ከሆነ መጫን ይገባል፤ ጥቃቅን ጉዳይ ከሆነ መታገሥ ይቻላል። ፋይሉ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አለመቸኮልም ብልኅነት ነው፤ የ2009ኙ ታሪክ ይህን ያስተምራል። የኤሌክትሪክ መቋረጥ እንግዳ ባልሆነበት ሀገራችን ደግሞ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ከሞላ በኋላ፣ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከሆነ በዩፒኤስ ላይ አድርጎ መጫን የግድ ነው።

መሐንዲሶችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ኤንቪኤምኢ በተባለው የአዳዲስ ኤስኤስዲዎች ደንብ መሠረት አንድ ድራይቭ ከ1 እስከ 7 የፈርምዌር ማስቀመጫ ሥፍራዎች ሊኖሩት ይችላል። ከአንድ በላይ ሥፍራ ባለው ድራይቭ አዲሱ በሌላ ሥፍራ ይጻፋል፤ ተፈትኖ ትክክለኛነቱ ሲረጋገጥ ብቻ ሥራውን ይረከባል፤ አሮጌው ግን በቦታው ይቆያል። ቀደም ብለን ያየነው አሮጌውም አዲሱም የማይገኝበት አደገኛ ክፍተት በዚህ ዘዴ ይዘጋል። አዲሱ ሳይጸና አሮጌውን አለመጣል የሚለው መርህ በመሣሪያው ውስጥ ተሠርቶ ገባ ማለት ነው።

ይህንኑ መርህ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በራሱ እጅ ሊፈጽመው ይችላል። የማሻሻያውን ፋይል ከመክፈት በፊት የመመረቂያውን ጽሑፍ፣ የላቦራቶሪውን ውጤትና የቤተሰቡን ፎቶግራፍ በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ፣ የተገለበጠውንም ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ቅጂው ተከፍቶ ከታየ በኋላ ማሻሻያው ቢከሽፍ የሚጎዳው ድራይቩ ብቻ ነው፤ ድራይቭ ደግሞ ይጠገናል፣ ባይጠገንም ሌላ ይገዛል።